ደመቀ ቆሞ የመለሰበት ገና

ደመቀ ሪያድ ውስጥ ካሉ የሐበሻ ሹፌሮች ሁሉ አንደኛው ነበር። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም ይሉታል፤ ሌሎች ማለታቸውን የሚያወራው ግን እሱ ነው። ትሬላውን ይዞ ከዐዚዚያ ሲወጣ የትራፊክ መብራቱ ከሩቅ ለይቶት አረንጓዴ ይበራል። በደማም መንገድ አሸዋው ራሱን ሰብስቦ ያሳልፈዋል። ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና በምላሱ ብቻ አስቆመ የሚባለው እንኳ ትንሽ ተጋንኗል፤ በእጁም አግዞታል።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ሰው ነው የገና ዕለት ሆስፒታል ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከአልጋው እስከ ወለሉ ያለችውን ጥቂት ስንዝር መውረድ አቅቶት የተገኘው።

የጭኑ አጥንት ተሰብሮ በብረት ተገጥሟል። እንዴት እንደተሰበረ ለጠየቀው ሁሉ መልስ አለው። ለተረኛ ሐኪሙ፣ ትሬላ ገፍቶት ነው። አጠገቡ ለተኛው ለሙአዝ፣ ተምር የጫነ ትሬላ ሊገለበጥ ሲል በጭኑ ደግፎት ነው። ወሬው ክፍሉን የሚያጸዳው ባንግላዴሻዊ ዘንድ ሲደርስ ትሬላዎቹ ሁለት ሆነው ነበር፤ አንደኛው ነዳጅ ጭኗል።

ሙአዝ የወሎ ልጅ ነው። ባጥሐ አካባቢ ሕንጻ ሲለስን ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። አፉ ግን ደህና ነው።

«ጋሼ፣ የነዳጁ መቼ መጣ? ትናንት እኮ አልነበረም» አለው።

«ትናንት የነገርኩህ የመጀመሪያውን አደጋ ነው። ልጅ አትቸኩል።»

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ዶክተር ፈይሰል በየማለዳው መጥቶ ያንኑ ይደግማል። አጥንቱ ጠንክሮ ይዟል፣ ብረቱ ጥሩ ገብቷል፣ የቀረው መቆም ነው። ካልቆመ ደሙ እግሩ ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ የሄደ ቀን የሚያድነው የለም። ጉልበቱም ደርቆ ይቀራል፤ በደረቀ ጉልበት ትሬላ አይነዳም። ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ ሁለቴ ደውሎ «ይነዳል ወይስ አይነዳም? ኢቃማውን ላድስ ወይስ ልተወው?» ብሏል። ያ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለ ዑረይጃ ያለው የኪራይ ቤታቸው የለም፣ የልጁ ትምህርት ቤት የለም፣ ሪያድም የለም። ደመቀ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ግን መጀመሪያ ያቆሙት ዕለት እግሩ መሬት ስትነካ ከተረከዙ እስከ አናቱ የወጣውን ነገር እሱና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ዓይኑ ጨለመ፤ ሲነቃ አልጋው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰበብ አያልቅበትም። «ጾመኛ ሰው አያቆሙም» አለ። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ በእኛ ቤት ረቡዕ አይጀመርም» አለ። የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው ፊሊፒናዊ ሲመጣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሰውየው ሲወጣ ይነቃል። ፈርቶ አይደለም። ደመቀ ፈርቶ አያውቅም። ብርድ ልብሱ ስር እግሩ የምትንቀጠቀጠው የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ስለበዛ ነው።

ነርስ ነስሪን የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሪያድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ባለ አራት እግሩን መደገፊያ ብረት እየገፋች መጣች።

«እንኳን አደረሰዎት ጋሽ ደመቀ! ገና ነው አይደል ዛሬ? ያላ፣ ለበዓሉ እንነሣ።»

«እህቴ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። አንበሳ መቼ እንደሚነሣ ራሱ ነው የሚወስነው።»

«አንበሳው ዛሬም ካልተነሣ ዶክተሩ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊልክዎት ነው። ለብዙ ጊዜ የሚተኙ ሰዎች ወዳሉበት። ከሰዓት መጥቶ ያያል፤ ከዚያ ኸላስ፣ ይፈርማል።»

ደመቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነስሪን መደገፊያውን እዚያው አልጋው አጠገብ ትታው ወጣች።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። በደመቀ ቤት ገና ማለት ስድብ ነው። ነገሩ ከአባቱ አገር ከመንዝ የመጣ ነው። እዚያ በገና ቀን ጎረምሳው ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወጣል፣ የእንጨት ኳሷን፣ ሩሯን፣ ሲለጋት ይውላል፤ ከዚያ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ያወርድበታል፣ ጭቃ ሹሙም ባለጸጋውም አይቀርለትም፣ የሚቆጣ ሰው የለም። ደመቀና ሚስቱ ወርቅዬ ሪያድ ሲገቡ ጨዋታውን በኪራይ ቤታቸው ጣሪያ ላይ በመጥረጊያ እንጨትና በተጠቀለለ ካልሲ ቀጠሉት። የታችኛው ፎቅ ግብጻዊ ጣሪያው ሊወርድብኝ ነው ብሎ ሲጮህ ሩጫው ቀረ፤ ስድቡ ብቻ ቀጠለ። እሱም ሕግ አለው። ስድቡ ሳያልቅ ምግብ አይቀርብም። የተሰደበ አይቆጣም። መልስ የሚሰጥ ደግሞ ተነሥቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ሰዳቢው ፊት ቆሞ ነው የሚመልሰው። ተቀምጦ የተሰጠ መልስ አይቆጠርም። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያወጣት ደመቀ ራሱ ነው፤ አንድ ዓመት የወርቅዬ ወንድም ሶፋ ላይ ተጋድሞ ብርቱካን እየላጠ ስላሸነፈው።

በጥየቃ ሰዓት ወርቅዬ ገባች። ጥቁሩን ዐባያ ስትከፍተው ከስሩ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷ ብቅ አለ። በእጇ ትልቅ የምግብ መያዣ ይዛለች። ከኋላዋ ልጃቸው ዳግማዊት፣ በቁመት አባቷን ልታልፍ ጥቂት የቀራት፣ ስልኳን ይዛ ገባች። ወርቅዬ መያዣውን ከፈት አድርጋ ወዲያው ዘጋችው። ያቺ አፍታ ለበግ ወጡ ሽታ በቂ ነበረች። ሽታው ክፍሉን ዞሮ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ቀጥሎ ያለውን የዓይን ሕክምና ክፍል አልፎ ሄደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጾሙን ሁሉ የሆስፒታል ምስር ሾርባ ሲጠጣ የከረመው ደመቀ አንገቱን ቀና አደረገ።

«እንኳን አደረሰሽ ወርቅዬ። አምጪው እንጂ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ስድቡ ሳያልቅ?»

«እዚህም?»

«ገና ሆስፒታል አይገባም ያለህ ማነው?» አለች ወርቅዬ፣ መያዣውን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጣ እሷም አጠገቡ እየቆመች። «ዳጊ፣ ጀምሪ።»

ዳግማዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። ዓይኗ ከአባቷ ላይ ወደ ሙአዝ፣ ከሙአዝ ወደ አባቷ ዞረ።

«ትሬላ ነው አለ አባቴ የጣለው፣
ሳሙና መሆኑን ባኞው ይናገረው!»

ሙአዝ ከትራሱ ብድግ አለ። «ሳሙና?! ጋሼ፣ ሳሙና ነው? ያ ሁሉ ነዳጅ?»

«ልጅቷ አታውቅም፤ ትምህርት ቤት ነበረች» አለ ደመቀ።

«ቤት ነበርኩ አባዬ። ‹ወርቅዬ ሞትኩልሽ› ስትል የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ሙአዝ ጀሶ የታሰረ ክንዱን በደህናው እጁ አቅፎ ሲስቅ አልጋው ተንቋቋ። ቆየና «እኔም ልግባበት? ክርስቲያን ብቻ ነው የሚሰድበው?» ሲል ጠየቀ።

«አፍ ያለው ሁሉ ይሰድባል» አለች ወርቅዬ።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ዐውፍ ይበሉኝ፤ በዓል ነው።

ጋሼ ደመቀማ አንበሳ ነኝ ይላል፣
መርፌ ሲመጣ ግን ትራስ ስር ይገባል!»

ደመቀ ጆሮው ጋለ። በዚህ ዓለም ላይ ደመቀን ሰድቦ መልስ ያላገኘ ሰው የለም፤ አለ ከተባለም ወይ ሞቷል ወይ አገር ለቋል። መልሱ ወዲያው አፉ ላይ መጣለት፤ ባለ ሁለት ስንኝ፣ የተሳለ፣ ደም የሚያወጣ። ክንዱን ተመርኩዞ ግማሽ ሰውነቱን ቀና አድርጎ ጀመረ።

«ዶክተሮች ተሳስተው . . .»

«አይቆጠርም!» አሉ እናትና ልጅ በአንድ ድምፅ።

«ምን ማለት ነው አይቆጠርም?»

«ተኝተህ ነዋ! ሕጉን ያወጣኸው አንተ» አለች ዳግማዊት።

«በሽተኛ ነኝ እኮ!»

«የእኔ ወንድምም ‹ወገቤን አሞኛል› ብሎህ ነበር» አለች ወርቅዬ። «ምን አልከው? ‹ወገብ ያመመው አፉን ይዝጋ።› እንግዲህ ያንተንም ዝጋ።» ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጠለች።

«አፉ ሩቅ ይሄዳል ጅዳን እንኳን አልፎ፣
እግሩ ግን ተኝቷል ብርድ ልብሱን ታቅፎ!»

ድምፅዋ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሰለለ። ደመቀ ሰማው። ሌላ ሰው አልሰማውም፤ ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ነው እንዲህ ያለውን የሚሰማው። ወርቅዬ እየሰደበችው አልነበረም፤ እየለመነችው ነበር። ጠዋት ነስሪን ለእሱ የነገረችውን ለእሷም በስልክ ነግራታለች ማለት ነው።

ለሦስቱም የሚሆን መልስ በደመቀ ደረት ውስጥ ተሰልፎ ይገፋፋ ጀመር። ያልወጣ ስድብ እንዴት እንደሚያፍን የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው። ላብ አጠመቀው። እግሩን አየ፣ ወለሉን አየ። ወለሉ ከአልጋው ስር እንደ ገደል ጥልቅ ነበር፤ ታችኛው ጫፉ ላይ ደመና ነበረ።

«ነገ» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ ቆሜ ሁላችሁንም እመልሳለሁ።»

ማንም አልሳቀም። የበግ ወጡ ሽታ እንኳ ባለበት የቆመ መሰለ።

በዚህ መሃል ነስሪን በር ላይ ደርሳ ሁሉንም ስትሰማ ኖሯል። የደም ግፊት መለኪያውን እንደያዘች ክፍሉን አየች፣ መደገፊያውን አየች፣ ጠዋት እንደተወችው ነው።

«እህቴ ነስሪን፣ ስድብ ነው የያዝነው፤ ግቢበት» አላት ሙአዝ።

«ኧረ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ተይው» አለ ደመቀ፣ ተስፋ ቢቆርጥም ጉራው አልተወውም፤ «ሴት ልጅ ከድሬዳዋ መጥታ በግጥም ልትሰድበኝ? እዚያ የሚያውቁት ሐብሐብ መሸጥ ነው።»

ነስሪን መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ረጋ ብላ።

«አጥንቱ ድኗል'ኮ በብረት ተጠግኖ፣
ልቡ ነው የቀረው እንደ ጄሊ ሆኖ!»

ክፍሉ ተናጋ። ሙአዝ ትራሱን ነከሰ። ዳግማዊት ስልኳን ጥላ አነሣች። ጄሊ! ያቺ ሆስፒታሉ ከምሳ በኋላ የሚያድላት፣ ቀይ ሆና ሳህን ላይ የምትንቀጠቀጠው! የትሬላው ጌታ፣ የደማም በረሃ የሚገብርለት ሰው፣ ጄሊ ተባለ! ያውም በድሬዳዋ ልጅ! ያውም ቤት መትቶ!

«ያንን ብረት አምጪልኝ!» ብሎ ጮኸ ደመቀ።

ድምፁ እስከ ማድቤቱ ደረሰ፤ እዚያ አንድ ድስት ወደቀ ይባላል። ነስሪን መደገፊያውን አስጠጋችለት፣ በአንድ ጎኑ ገባች፤ ወርቅዬ በሌላው። ደመቀ ደህናውን እግሩን አወረደ። ከዚያ ሌላኛዋን። መሬት ስትነካ ያው ነገር መጣ፤ ከተረከዙ ተነሥቶ በጉልበቱ አልፎ ሽቅብ ወጣ። ዓይኑ ሊጨልም ሲል «ጄሊ» አለ በልቡ። ጥርሱን ነከሰ። «ጄሊ! ጄሊ!» መደገፊያውን እንደ መሪ ጨብጦ ወገቡን ሳበ፣ ደረቱን ነፋ።

ቆመ።

ሕመሙ አልሄደም። ግን አልጨመረም፤ እዚያው አብሮት ቆመ። ደመቀ በፊት ሳይቆጥረው የቀረውን ይህን ነገር ያኔ አወቀው፤ ትልቁ ሕመም ይህ ከሆነ፣ ከዚህ የባሱ ስንት ትሬላዎች አንሥቷል!

ነስሪን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። «ፊት ለፊት ነው የሚመለሰው አላላችሁም?» አለች። ደመቀ መደገፊያውን ገፋ፣ እግሩን አስከተለ። ፊት ለፊቷ ደረሰ።

«ጄሊ ያልሽኝ እህት እዪኝ ተነሥቼ፣
ነብር ሆኜ መጣሁ ከብርድ ልብስ ወጥቼ!»

ነስሪን ሙያዋን ረስታ እልል አለች። ደመቀ ግን አልሰማትም፤ ወደ ሙአዝ አልጋ እየዞረ ነበር። ልጁ ጀሶውን ፊቱ ላይ ጋረደ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ስቀልድ . . .»

«ዶክተሮች ተሳስተው ክንዱን ጀሶ አሰሩት፣
ምላሱ ነበረ መታሰር ያለበት!»

ከዚያ ወርቅዬ። እሷ አጠገቡ እየደገፈችው ስለነበር ሸሽታ በሩ ላይ ቆመች፤ እንዲመጣላት። መጣላት። እያነከሰ፣ እያቃሰተ፣ እያለከለከ መጣላት። ፊት ለፊቷ ሲቆም የሁለቱም ዓይን እርጥብ ነበር፤ የእሱ ግን ላብ ነው።

«የወደቅሁ ቀን ዋለች እንባዋን አፍስሳ፣
ዛሬ ልትሰድበኝ መጣች ቀሚስ ለብሳ!»

«ገና ነዋ» አለች ወርቅዬ፣ በዐባያዋ ጫፍ ላቡን እየጠረገችለት።

የቀረችው ዳግማዊት ናት። እሷ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፤ ስልኳን ወደ እሱ እንዳነጣጠረች በበሩ ወጥታ ኮሪደሩን ወደ ኋላ እየተራመደች ትሄዳለች።

«ቁሚ!»

«ና ድረስብኝ አባዬ!»

ያ ኮሪደር ከሪያድ እስከ አብሃ ይረዝም ነበር፤ ዳገትም አለው። ደመቀ ነዳው። መደገፊያው ወለሉን ሲመታ ድምፁ እንደ ከበሮ ተሰማ። ነስሪን ከኋላው፣ ወርቅዬ ከጎኑ፣ ሙአዝ የግሉኮስ መስቀያውን እየጎተተ በመጨረሻ። ከየክፍሉ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሐበሻ እየተጯጯኸ ሲሰዳደብ ነው። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ «ጠብ! ጠብ!» ብሎ በሬዲዮው ጠራ፤ ሌላው እየሮጠ መጥቶ በደመቀና በልጁ መካከል ገባ። ደመቀ ግን አንድ ጊዜ ተነሥቷል። ዘበኛውን በመደገፊያው ገፋ አድርጎ ልጁ ፊት ቆመ።

«ሳሙና ጣለው ብላ አባቷን ያማችው፣
እሷ ናት ባኞ ቤት ሳሙና የጣለችው!»

«አባዬ!» ዳግማዊት ፊቷ ቀላ። ወርቅዬ ዞር ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

በዚህ ጩኸት መሃል ዶክተር ፈይሰል የሚፈርመውን የዝውውር ወረቀት ይዞ ከአሳንሰሩ ወጣ። ዘበኞቹን አየ፣ እያለቀሰች የምትስቅ ሚስት አየ፣ ቀይ ፊት ያላት ልጅ አየ። ከዚያ በኮሪደሩ ጫፍ ላይ በሁለት እግሩ የቆመውን ደመቀን አየ።

«ምንድን ነው? ለምን ይጣላሉ?» አለ በዓረብኛ።

«አይጣሉም ዶክተር» አለች ነስሪን። «የልደት በዓላቸው ነው። ዛሬ ይሰዳደባሉ፤ ሕጉ ደግሞ ቆመህ መልስ ይላል።»

ዶክተሩ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «እኔ ስንት ቀን ለመንኩት፤ መሰደብ ብቻ ነበር የፈለገው?»

«በግጥም ነው ግን።»

ዶክተሩ የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። «እሺ፣ ለእኔስ ምን አለው?»

ነስሪን ተረጎመችለት። ደመቀ ደረቱን ነፍቶ ዞረ።

«ብረት የሚቀጥል እጀ ወርቅ ሐኪም፣
ሾርባው ግን ውሃ ነው ጨው እንኳ አይቀምስም!»

ነስሪን ስትተረጉም ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ግብጻዊ ፋርማሲስት ጠረጴዛ ደበደበ፤ ሾርባ አመላላሹ ራሱ አጨበጨበ። ዶክተር ፈይሰል እጁን እያወዛወዘ «ሾርባው የማድቤት ነው፤ እኔ የለሁበትም» አለ፤ ከዚያ አሰብ አደረገና፣ የግጥም አገር ልጅ ነውና፣ አፉን ከፍቶ በዓረብኛ መልስ ጀመረ።

«ቁም!» አለ ደመቀ።

ዶክተሩ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። «ምን አለ?»

«ቁም ነው የሚልህ» አለች ነስሪን ሳቋን እየዋጠች። «ተቀምጦ የተሰጠ መልስ አይቆጠርም።»

ዶክተር ፈይሰል፣ ስንት አጥንት የገጠመ ሰው፣ ከጠረጴዛው ወረደ። ወደ ደመቀ ሄደ። ፊቱ ቆሞ በዓረብኛ ያለውን ነስሪን እንዲህ ስትል ተረጎመችው፦ ይህ ሹፌር ነገም በዚህ ኮሪደር ይነዳል፣ ከነገ ወዲያ ደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ ሚስቱ ትውሰደው፤ እኛ ምላሱን የሚያህል አልጋ የለንም። በእጁ የያዘውን ወረቀት ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወርቅዬ ሄዳ ምግቡን አመጣች። ዳግማዊት ወንበር ልትስብለት ሄደች። ደመቀ ግን እምቢ አለ። ላቡ በአገጩ ይወርዳል፣ ፊቱ ግን የነገሠ ሰው ፊት ነው። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው።

«ሌላ ሰዳቢ የለም?» አለ።

ሦስተኛው በር ላይ ነጭ ጢም ያላቸው የሪያድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ነገሩን ከነስሪን ትርጉም ጨርሰው ሰምተውታል። ጣታቸውን ወደ ደመቀ ቀስረው አንድ ረጅም፣ ቤት የሚመታ የዓረብኛ ስንኝ ለቀቁበት።

«ምን አሉ?» አለ ደመቀ።

«መጀመሪያ ሄደው ፊታቸው ይቁሙ፤ ከዚያ እነግርዎታለሁ» አለች ነስሪን።

ደመቀ መደገፊያውን ወደ ሦስተኛው በር አዞረው።

«መጣሁልዎት!»